ተስፋን አስመልክቶ በቲሸርት የተሰጠ መግለጫ

ጥበብ ዳኛ ያጣችበት ዘመን አልፎ ዳኛ የበዛላት ዘመን መጥቷል፤ ይህም ለሰው ልጅ ትልቅ እመርታ ነው። ድሮ አንድ ሰዓሊ ሥዕሉ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ ሥዕል የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነበረበት። አሁን ስልክ ያለው ሰው ይበቃዋል። የዚህን እመርታ ፍሬ በእህቴ ቤት፣ በእህቴ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብዬ በዓይኔ ስላየሁ፣ ምስክርነቴን ብሰጥ ነውር የለውም።

የእህቴ ባል «ሰብሳቢው» ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲመሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን አስረከቡ እንጂ ስብሰባውን ይዘው ነው ወደ ቤት የመጡት። በዚያ ቤት እራት የሚበላው በአጀንዳ ነው። ጨው የፈለገ እጁን ያወጣል፤ የጠገበ በቂ ምክንያት ያቀርባል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሾርባው እየቀዘቀዘ መሆኑን አይቼ «ልዩ ልዩ» የሚለው አጀንዳ ሳይደርስ ማንኪያ በማንሳቴ ተግሣጽ ተሰጥቶኛል። ተግሣጹ ተገቢ ነበር፤ ሾርባውም ቀዝቅዞ ነበር።

ልጃቸው መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስትመረምር ትውልና አንድ ቀን የራሷን ሰው መርጣ ወደ እራት ይዛው መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣቱ ላይ ቀለም የማይጠፋው ልጅ ነው። ሰብሳቢው ጉሮሮአቸውን ጠርገው ጉዳዩን በይፋ ከፈቱ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ለቲሸርት ሥዕል እሠራለሁ፣ ጋሼ።»

«ለየትኛው መሥሪያ ቤት?»

«መሥሪያ ቤት የለኝም። ኢንተርኔት ላይ ውድድር ይወጣል፤ ሥዕሌን እልካለሁ፤ ሕዝብ ድምፅ ይሰጥበታል።»

«ካሸነፍክስ?»

«ቲሸርቱ ስሜ ተጽፎበት ይታተማል።»

«ካላሸነፍክስ?»

«ሌላ ውድድር ይወጣል።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማለትም ሥራውን ሠርተህ ከጨረስክ በኋላ ሥራው ይሰጥህ እንደሆነ ትጠይቃለህ።»

«እንደዚያ ነው፣ ጋሼ።»

«ልጄ ለሰው ሁሉ መነጽር ታድላለች፣ ለራሷ ግን አልተረፋትም» አሉ።

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ወዳዋለች፤ ይኼ ግልጽ ነበር፤ እሱም ወዷታል። ሁለቱም ግን አንድ አሳዛኝ ጉድለት ነበረባቸው፤ ሰው አክባሪዎች ነበሩ። እሷ አባቷን አስቀይማ ከቤት አልወጣም አለች፣ እሱም አባትሽ ሳይወዱ አልወስድሽም አለ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ መጠቀም እንደሚገባ ሰብሳቢው ወዲያው ተረዱ። ውሳኔውን ቆመው አነበቡት፦ ልጁ አሁን በወጣው ውድድር ካሸነፈ ልጅቷን ያገባል፤ ካልሆነ ሁለተኛ በዚህ በር አይገባም።

«ተቃውሞ ያለው?»

ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ባለጉዳይ ድምፅ አይሰጥም። ድምፀ ተዓቅቦ?»

እህቴ ሾርባ እየጨለፈች «እርስዎ ደግሞ!» አለች። ይህ እንደ ድምፀ ተዓቅቦ ተያዘ፤ ውሳኔው አለፈ።

የውድድሩ ርዕስ «ተስፋ» ነበር። ልጁ ሠርቶ አመጣ። አንድ አሮጌ የእንጨት ወንበር ነው፤ ከአራቱ እግሮቹ አንዱ ትንሽ አረንጓዴ ቅጠል አብቅሏል። ሌላ ምንም የለውም። እኔ ሥዕል አላውቅም፣ ግን ሳየው ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ለቀቅ አለኝ። እህቴም እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጥታ ቆማ አየችው፣ «ውይ፣ ሲያምር!» አለች። ሰብሳቢው ግን በጥልቀት መረመሩት።

«ወንበሩ ባዶ ነው።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የተቀመጠበት ሰው ተነሥቷል።»

«ማለቴ... ተነሥቷል ማለት ይቻላል።»

«ተነሥቶም ቆይቷል። ወንበሩን አረም እስኪወርሰው ድረስ!»

ሁላችንም ወደ ሾርባችን አቀረቀርን። ልጁ ስለ ጡረታ እንዳላሰበ ሊያስረዳ ሲሞክር ይበልጥ ተዘፈቀ፤ ማብራሪያ ለሰብሳቢው ነው እንጂ ለሌላ ሰው የሚሆን መሣሪያ አይደለም። በመጨረሻ ጨንቆት ነገሩን ለማስቀየስ ይመስለኛል፣ የማይረሳ ስሕተት ሠራ።

«ውድድሩ ለማንም ክፍት ነው፣ ጋሼ። ማንም ሰው የመሰለውን መላክ ይችላል።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ሰብሳቢው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው ሕዝቡ አማራጭ ሊነፈገው አይገባም።»

በማግስቱ ሰብሳቢው ቲሸርት መንደፍ ጀመሩ። ሥዕል እንደማይችሉ ሲነገራቸው፣ ተስፋ በሥዕል ሳይሆን በገለጻ የሚገባ ነገር መሆኑን ገለጹ። ኮምፒውተር እንደማይችሉ ሲነገራቸው ደግሞ የሚችል ሰው እንዲመደብ አዘዙ። በቤቱ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተወዳዳሪያቸው። ልጁ እምቢ ቢል አማችነቱ ቀረ፤ እሺ ቢል ራሱን በራሱ ሊገጥም ነው። እሺ አለ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይኼኔ ነው።

እንግዲህ ሰብሳቢው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሳሎኑ ውስጥ እየተንጎራደዱ ይናገራሉ፤ ልጁ ይጽፋል።

«ጻፍ። ተስፋ፣ እንደሚታወቀው፣ በተለያዩ ጊዜያት በተለያዩ አካላት ሲነሳ የቆየ ጉዳይ ሲሆን፣ ጉዳዩን ከመሠረቱ ለማየት ያህል...»

«ጋሼ፣ ደረቱ ሞላ።»

«ሆዱስ?»

«ሆዱም ይሞላል።»

«ወደ እጅጌው ይለፍ። ግራ እጅጌ ላይ 'ያጋጠሙ ችግሮች'፣ ቀኝ እጅጌ ላይ 'የተወሰዱ እርምጃዎች' በል። ከዚያ ወደ ጀርባ።»

«ጀርባው ላይ ምን ልበል?»

«'ወደ ዋናው ነጥብ ስመለስ'።»

ልጁ ጻፈ። ላቡ ጠብ እስኪል ጻፈ። ምስኪኑ ሥራ ሲይዝ መለገም አያውቅም፤ ፊደሉን መርጦ፣ መስመሩን አስተካክሎ፣ ደረቱ ላይ ክብ ማኅተም ስሎ፣ የዚያን ንግግር ያህል ክብር ያለው ነገር በዓለም እንደሌለ አድርጎ አሰማመረው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቃወመው።

«ጋሼ፣ ከዚህ በታች ከወረደ እኮ ማጠቃለያው ሱሪ ውስጥ ይገባል።»

«ፍላጎት ያለው ያወጣው!»

ሁለቱም ሥራዎች ተላኩ። ወንበሩ በልጁ ስም፣ መግለጫው በሰብሳቢው ስም። ድምፅ መስጠት ሲጀመር እኔም ለወንበሩ ሰጠሁ፤ የማውቀውን ሰው ሁሉ፣ ፀጉር አስተካካዬን ሳይቀር፣ ለወንበሩ እንዲሰጥ ለመንኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን ተነሣን። ሰዎችም «ደስ ይላል»፣ «ያምራል» እያሉ ይጽፉለት ጀመር። የልጅቷ ፊት ፈካ።

ከዚያ መግለጫው ተለቀቀ። ሕዝብ ሲያየው አበደ። ከዳር እስከ ዳር ተቀባበለው። ሰብሳቢው ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው የተጻፈውን ጮክ ብለው ያነቡልናል።

«'ይኼ ቁርጥ የኛ አለቃ ነው!' ያውላችሁ። የአመራር ብቃት ከሩቅ ያስታውቃል።»

«አባዬ...» አለች ልጅቷ።

«አታቋርጪኝ። 'ሳቄን ማቆም አቃተኝ' ይላል ደግሞ። ደስታው ነው። 'ግራ እጅጌው ላይ ስደርስ ሞትኩ።' ልቡ ተነክቷል! ያጋጠሙ ችግሮች እኮ ነው ግራ እጅጌ ላይ ያለው።»

ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል ሰዓሊው በጠረጴዛው ሥር እጇን ያዛት። በኋላ ኮሪደሩ ላይ «ለምን አልነገርናቸውም? እየሳቁባቸው እኮ ነው!» ስትለው ሰማሁ።

«ተዪያቸው» አላት። «ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም ብለሽኝ የለ?»

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ሰብሳቢው በበሩ እንዳይገባ የሚከለክሉት። እሱም ይባስ ብሎ፣ በውድድሩ መዝጊያ ዋዜማ «አንተስ ለማን ድምፅ ሰጠህ?» ብለው ሲጠይቁት አንገቱን ደፍቶ «ለእርስዎ፣ ጋሼ» አለ።

«ጥሩ ዓይን አለህ» አሉት።

መግለጫው አሸነፈ። ወንበሩ ሁለተኛ ወጣ፤ ሁለተኛ የወጣ አይታተምም። ሰብሳቢው ከባድ ኃዘን የተሰማቸው መሆኑን ከገለጹ በኋላ ወደ ውሳኔው አለፉ። አንደኛ፣ በጀማሪ የተረታ ባለሙያ ባለሙያ ሊባል አይችልም። ሁለተኛ፣ ለራሱ እንኳ ድምፅ ያልሰጠ ሰው ለሚስቱ ምን ይሰጣል? ልጅቷ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ለቅሶዋ እስከ ሳሎን ይሰማ ነበር። እህቴ ሳህኖቹን አንድ በአንድ እያጋጨች አነሳች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባው ጨው የለውም፣ እጁን የሚያወጣም ሰው የለም።

ልጁ በውሳኔው መሠረት ቀረ። ነገር ግን አዘጋጆቹ አሸናፊውን በቀጥታ ስርጭት እንደሚያነጋግሩ ሲያሳውቁ፣ ካሜራውን የሚከፍት ሰው በቤቱ ስለሌለ፣ ክልከላው ለዚያ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲነሳ ተወሰነ። ልጁ መጣ። ኮምፒውተሩን አስተካከለ፣ መብራቱን አዞረ፣ የሰብሳቢውን ክራባት ሳይቀር አቃናላቸው። እሳቸው ከኮታቸው ሥር ታትሞ የተላከላቸውን ያንን ቲሸርት ለብሰዋል። ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

አቅራቢዋ ሳቂታ ወጣት ናት። ገና ስትጀምር እየሳቀች ነበር።

«ክቡር አሸናፊያችን፣ አገር ምድሩን እኮ ነው ያሳቁት!»

«ምን ያደረግሁት?»

«ያሳቁት! ተናግሮ ተናግሮ አንድም ነገር የማይል፣ ማኅተም የሚወድ፣ ደረቅ አለቃ! እኛ ቢሮ ሁላችንም አንድ አንድ አለን። እስቲ ይንገሩን፣ እንዲህ ያለውን ጉደኛ ከየት አገኙት? የሚያውቁት ሰው ነው?»

ሰብሳቢው ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ ያነበቡልን አስተያየት ሁሉ አንድ በአንድ ትርጉሙን እየለወጠ ሲያልፍባቸው በዓይኔ አየሁ። ደግ ሰው አይደለሁም፤ ግን አሳዘኑኝ። ከዚያ ድንገት ክንዳቸውን ዘርግተው የልጁን ትከሻ ጨምድደው ወደ ካሜራው ጎተቱት።

«ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም!» አሉ። «የእሱ ነው። የዚህ ልጅ። የአማቼ!»

ልጅቷ ከግድግዳው ተላቀቀች።

«ውይ፣ አማችዎ ነው?» አለች አቅራቢዋ። «እንኳን ደስ አለህ! በል ንገረን፣ ሰውየውን ከየት አመጣኸው? እንዲህ ያለ ሰው በእውነት አለ?»

ልጁ ሰብሳቢውን አየ። ላብ ግንባራቸውን ሞልቶታል። ልጅቷንም አየ።

«የለም» አለ ረጋ ብሎ። «እንዲህ ያለ ሰው የለም። ሙሉውን እኔ ነኝ ከራሴ የፈጠርኩት።»

በቃ፣ ተረፉ። ሰው ለሰው ሊያደርገው የሚችለውን ሁሉ ልጁ አድርጎላቸው ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ ትንሽ ትንፋሻቸውን ዋጥ ቢያደርጉ ኖሮ ስርጭቱ አልቆ፣ ክብራቸው ሳይነካ፣ ማንም ሳያውቅ ወደ እራታችን እንሄድ ነበር። ዋጥ ሊያደርጉም ሞክረዋል፤ ጉሮሮአቸው ከፍ ዝቅ ሲል አይቻለሁ። ግን አልወረደላቸውም።

«ከራሴ?» አሉ ብድግ ብለው። «ከየትኛው ራሱ! የት ያውቀዋል እሱ! እያንዳንዷ ቃል የእኔ ናት! ስንት ዓመት የሠራሁበት ንግግር ነው!» ኮታቸውን ከፈት አድርገው ደረታቸውን ለካሜራው ሰጡና «ተስፋ፣ እንደሚታወቀው፣ በተለያዩ ጊዜያት...» ብለው ማንበብ ጀመሩ።

አቅራቢዋ እንባዋ እየወረደ «ትወናውንም ይችሉበታል!» ስትል ተሰማ። ሆድ ላይ ሲደርሱ ስርጭቱ ተቋረጠ።

ሰብሳቢው ተቀመጡ። ክራባታቸውን አላልተው፣ በደከመ ድምፅ፣ «ያ 'አማቼ' ያልኩት ቃል በችኮላ የተነገረ ስለሆነ ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝልኝ» አሉ።

እህቴ ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ እንጂ አንተ ብላቸው አታውቅም። ከወጥ ቤት ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ ፊታቸው ቆመች።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ዕድሜ ልክህን ስትለፈልፍ ኖረህ ዛሬ አንዲት የምትረባ ቃል ከአፍህ ብታመልጥህ፣ እሷንም ልትሰርዛት ነው?»