የልማቱ ተዋናዮች በደረቁ ቦኖ

የሴቶችን ሁለንተናዊ ተሳትፎ ከግብ ለማድረስ ሌት ተቀን ለሚደክመው የወረዳችን ጽሕፈት ቤት ምስጋና ማቅረብ ተገቢ ነው። እኔንና ጎረቤቶቼን በስተርጅና የፊልም ሰው ያደረገን እሱ ነው።

ልጄ ዙልፋ ተዋናይ መሆን አምሯት እንቅልፍ ነስታኝ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምሴም «ጨዋ ልጅ መድረክ ላይ አትወጣም» ብለው መክረውኛል። ልጅቷ ግን ደሴ ሄዳ ፊልም መቅረጽ ተምራ መርሳ ተመለሰች። የመጀመሪያው ዘጋቢ ፊልሟ ስለ ቦኖአችን እንዲሆን የለመንናት እኛ ነን። ቦኖው በተመረቀ ማግስት ደርቋል፤ ወልድያ ያሉት አለቆች አይተው አዲስ ፓምፕ ይልኩልናል ብለን ነው።

አቶ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ባነር አሠርተው ከች አሉ። ጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ነው የማነበው፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሴቶች የልማቱ ዋና ተዋናይ ናቸው!»

«አቶ ደምሴ፣ ተዋናይነት ነውር ነው ብለውኝ አልነበር?»

«የልማት ተዋናይ ሌላ ነው እናቴ። ይሄ ክብር ነው።»

ሌላ መሆኑን ወዲያው አየነው። ወንዝ ወርደን ውኃ እንድንቀዳ፣ ከዚያ ጀሪካኖቹን ቦኖው ሥር ደርድረን ከቧንቧው የሞላን እንድንመስል አቅጣጫ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ዘጋቢ ፊልም እኮ ያለውን ነው የሚያሳየው» አለች ዙልፋ።

«ያለውንማ ማንም ያየዋል! እኛ የምናሳየው ሊኖር የሚገባውን ነው። ካልሆነ ቀረጻው ይቀራል።»

«ቅረጪ ልጄ፤ ቦኖውን ካዩልን ይበቃል» አልኳት፣ ፈርቼ።

ጎረቤቴ ለይላ ደረቁን ቧንቧ ከፈተች፤ ጠበቀች፤ ሞልቶ እንደፈሰሰባት ተጣድፋ ዘጋችና «አልሐምዱሊላህ!» አለች። አቶ ደምሴ ዕንባቸውን ጠረጉ።

«አንቺዬ፣ ለባልሽም እንዲህ ነው የምትተውኚው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ለሱማ ልምምድም አያስፈልገኝ!»

ፊልሙ ወልድያ ላይ ታይቶ ዋንጫ ተሸለመ። አለቆቹም በጥበባችን እጅግ ረኩ። ለእኛ ተብሎ መኪና ላይ የተጫነው ፓምፕ፣ የእኛ ችግር በማያዳግም ሁኔታ ስለተፈታ፣ ወደ ሐራ ከተማ እንዲሄድ ተወሰነ።

ባዶ ጀሪካናችንን ይዘን ወልድያ ገሰገስን። ሹሙ ፊት እንደቀረብን አላስቻለኝም።

«ጌታዬ፣ ወላሂ ውኃ የለንም! ያዩት ሁሉ ማስመሰል ነው። ልጆቻችን ከከብት ጋር ነው የሚጠጡት» አልኩ፤ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ሹሙ ጸሐፊያቸውን ተጣሩ።

«ነይ ቶሎ! የዚያ ፊልም ተዋናይ መጥተዋል። ውኃ የለም እያሉ ዕንባውን እንዴት እንደሚያወርዱት እዪ!»

ሁለቱም ቆመው አጨበጨቡልኝ።