ሰውነት የሚያሳርፉት ጋሽ ዶክተር

በየሰፈሩ አንድ ሐኪም አይጠፋም፤ ሕክምና ግን አልተማረም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል፣ ከገዛ ቤቱ ቀዳዳ ጣሪያ ይልቅ ለሰው ጉንፋን የሚጨነቅ ፍጡር ነው። አንዲት የልብስ ሰፊ ሚስት በምትኖርበት ሰፈር ይህ ማዕረግ የተሰጠው ለክቡር ጋሽ ዶክተር ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ መኪናውን ለድርጅቱ መልሰው የሰው አካል መፈታታት ያዙ።

ለጎረቤቷ አስተማሪ «የደም ግፊት ክኒን የሚዋጠው ራስሽን ሲያምሽ ብቻ ነው» አሏት፤ ደረጃ ላይ ወደቀች። የሰፈሩን ዘበኛ ዓይኑን ቢያመው የጆሮ ጠብታ ጨመሩለት። ታዲያ አፈሩ? ወይ ማፈር! «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሄዱ።

የልብስ ሰፊው ሚስት ድምፃቸውን ከበር ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ባሏን ፓርኪንሰን ይዞት እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው አይታ ስንቴ አልቅሳለች። ቀና ያደረገው ክኒኑ ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪምም «በሰዓቱ ይዋጥ። ካልተስማማው ለእኔ ንገሩኝ እንጂ በራሳችሁ እንዳታቆሙት፤ በድንገት ማቆም አደጋ አለው» ብላ አስጠንቅቃታለች።

አንድ ቀን እሷ ገበያ ስትሄድ ክቡርነታቸው ገቡ።

«ስማ ወዳጄ፣ እረፍት ያጣ ሞተር ይቃጠላል። ሰውነትህን ከክኒኑ ትንሽ አሳርፈው እንጂ!»

ሚስቱን ስንት ዓመት ሙሉ ያልሰማ ባል እሳቸውን ወዲያው ሰማ። ክኒኑን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ አፉ ውስጥ ያስገባል፤ ዘወር ስትል ይተፋዋል።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ከወንበሩ መነሳት አቃተው። አካሉ እንጨት ሆነ፣ ግንባሩ ጋለ፣ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቀረ። «ምን ሆንክብኝ?» ስትለው በስንት ጭንቅ «ሰውነቴን... እያሳረፍኩ ነው» አላት።

ኡኡ አለች። መጀመሪያ የደረሰው ማን ይመስላችኋል? እሳቸው! ጉልበታቸውን እያመማቸውም ባሏን አዝለው ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሱ። እሷ የማን ምክር እንደሆነ ገብቷት ከኋላ እየሮጠች ትረግማቸዋለች።

ሐኪሟ «ማነው አቁም ያለው?» ብላ ስትቆጣ ሚስትየው ልትናገር አፏን ከፈተች። እሳቸው ቀደሟት።

«እኔ ነኝ» አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው። ምክር አልጨመሩበትም።

ባልየው ተኝቶ ታከመ፤ መድኃኒቱን ሐኪሟ ባለችው መሠረት እንደገና ጀምሮ ቀስ በቀስ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ክኒን መዋጫ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ጋሽ ዶክተር በር ላይ ናቸው። «ዋጥክ? እስቲ አፍህን ክፈት!» ይሉታል። በዚህ ቢያበቁ ደግ ነበር። «ብርጭቆው አልታጠበም»፣ «ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሪው» እያሉ እሷንም አንጀቷን ያሳርሯታል።

ሰሞኑን አንድ ጠዋት ሳይመጡ ቀሩ። «እሰይ፣ ተገላገልኩ!» አለች። ባሏ ከዋጠ በኋላም ዓይኗ ከበሩ ላይ አልነሣ አላት። ኋላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ቤታቸው ሄደች። ጋሽ ዶክተር አልጋቸው ላይ ተጠቅልለው ይስላሉ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምንም አይደል፤ የራሴን በሽታ እኔው አውቀዋለሁ» አሏት።

ጫማቸውን ፈልጋ እግራቸው ሥር ወረወረችው።

«ዝም ብለው ይነሱ! ሐኪም ጋ እንሄዳለን። እርስዎ ከሞቱ ማን ያናድደኛል?»