ክቡር ጓንቱና የመካኒኩ እናት

ማንኛዋም እናት ከወለደችው ልጅ አስበልጣ የምታየው አንድ የሌላ ሰው ልጅ አላት። ይህ የሰው ልጅ አይጮህም፣ አይቸኩልም፣ ሲስቅ እንኳን በልኩ ነው። የወለደችው ደግሞ ዳር ቆሞ በቅናት ይንጨረጨራል።

የመካኒካችን እናት ይህን የሰው ልጅ ያገኘችው እዚያው ጓሮዋ ውስጥ ነው። ልጇ ጓሮውን ጋራዥ አድርጎ ሲሠራበት፣ የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት ታንከር መሬት ውስጥ ቀብሮ ነበር። ጋራዡ ሲዘጋ ታንከሩ ተቆፍሮ ወጣ፤ ሆዱ ዝጎ ተበስቶ ተገኘ። ከዚያ እልፍ ሲሉ እናቱ የምትጠጣው የውሃ ጉድጓድ አለ። መካኒኩ እንቅልፍ አጣ። “እማዬ፣ እባክሽ ከዚህ አትጠጪ” ብሎ ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻም ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነበት።

“አባትህ ያስቆፈረውን ውሃ አንተ ነህ የምትከለክለኝ? ዞር በል!” አለችና ድንጋዩን አንከባላ ቀዳች።

ከዚያ የፈሰሰው ዘይት የት ድረስ እንደዘለቀ የሚያጣሩ አንድ የአፈርና የውሃ መርማሪ መጡ። መካኒኩ ወዲያው “ክቡር ጓንቱ” የሚል ስም አወጣላቸው፤ አንድ ናሙና በወሰዱ ቁጥር ጓንታቸውን አውልቀው ጥለው አዲስ ያጠልቃሉና። ጉድጓዱን አዩና ቀስ ብለው፣ “እማማ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ባይጠጡት ጥሩ ነው” አሉ።

“እሺ የኔ ልጅ” አለች እናት። በቃ፣ አለቀ! መካኒኩ ጆሮውን ማመን አቃተው።

“እንዴ! እኔ ስልሽስ?”

“አንተማ ትጮሃለህ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ የክቡር ጓንቱ ሆነ። ጥሩው ወንበር ለእሳቸው፣ ጥላው ለእሳቸው። የውሃ ናሙናውን ጠርሙሱ አፍ ድረስ ሞልተው፣ አየር እንዳልቀረበት ገልብጠው አይተው፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጡት እናት አፏን ከፍታ ታያለች። “ሕፃን የሚያስተኛ እኮ ነው የሚመስለው! አንተ ብርጭቆ አንሳ ሲሉህ ትሰብራለህ።” ውሃው ምን ይመስላል ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ “ገና ነው እማማ፤ አፈሩ ራሱ ይናገር።” መካኒኩ ለደንበኛ እንዲህ ብሎ ቢሆን ኖሮ በገዛ መፍቻው ይፈነክቱት ነበር።

እሱም ከማንም እንደማያንስ ሊያሳይ ቆረጠ። አንድ ቀን ክቡር ጓንቱ ከእናቲቱ ጉድጓድ አጠገብ ሲቆፍሩ፣ የመሰርሰሪያው ዘንግ መጋጠሚያ አልፈታ ብሎ ሲያታግላቸው ቆየና ትልቅ መፍቻ ሊያመጡ ወደ መኪናቸው ሄዱ። መካኒኩ ዘሎ ገባ። ዕድሜ ልኩን ሲያደርግ የኖረውን አደረገ፤ የዘንጉን ጥርስ በሙሉ ግራሶ ለቀለቀው። ተፈታለት! መልሶ ገጠመና አዲስ በሚቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሰደደው። “እማዬ፣ ነይ እዪልኝ!”

ክቡር ጓንቱ ተመልሰው የሚያብረቀርቀውን ዘንግ አዩ። ዘይት ይኑር አይኑር እየተባለ በሚመረመር መሬት ውስጥ ግራሶ! ላብራቶሪው የሚያገኘው የታንከሩን ይሁን የመካኒኩን ማን ይለየዋል? መካኒኩ ያኔ ገባው። እናቱ የምትጠጣው ውሃ ጉዳይ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

እናት ደረሰች። “ምነው? ምን ሆናችሁ?”

“ምንም አይደል እማማ” አሉ ክቡር ጓንቱ። “መሣሪያዬ ቆሽሾብኝ ነው። አጥቤው ሌላ ቦታ እቆፍራለሁ።”

መካኒኩን ቀና ብለው እንኳን አላዩትም። ዘንጉን ቁራጭ በቁራጭ ፈታተው በሳሙና ሲያሹ ዋሉ፤ እሱም ከቧንቧ ውሃ እያመላለሰ አብሮ ሲያሽ ዋለ። ቅናቱ ግን ባሰበት። ይሄ ሰውዬ ለካ ደግም ነው!

ውጤቱ መጣ። ታንከሩ የነበረበት አፈር ተበክሏል፤ ተዝቆ መነሳት አለበት። በውሃ ጉድጓዱ በኩል ግን አፈሩም ውሃውም ንጹሕ ነው። እናት “ተመስገን!” ብላ ክቡር ጓንቱን አገላብጣ ሳመች። መካኒኩን ማንም አልሳመውም፤ እሱም ወደ ቤቱ ጀርባ ዞሮ ብቻውን አለቀሰ። ክቡር ጓንቱ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፣ ግቢው ጭር አለ።

ሰንበት ብሎ መካኒኩ ከሱቅ ሲመለስ የክቡር ጓንቱን መኪና ጎረቤት በር ላይ ቆማ አያት። በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። የጎረቤቱ ሴትዮ ከክቡር ጓንቱ ትከሻ ላይ አቧራ እያራገፈች “ልጄ፣ የኔ ልጅ” ትላለች። እሳቸውም ፈገግ ብለዋል፣ ያው በልኩ።

ደሙ ፈላ። እየሮጠ ቤት ገባ።

“እማዬ! ተነሽ እንጂ፣ ምን ያስቀምጥሻል? ያቺ ሴትዮ ወንድሜን ልትነጥቀን ነው!”