ዚጎሞርፊክ እና የአማቼ በሬ

ሚስት ሊጠይቅ ሲሄድ ሊቅነቱን ተሸክሞ የሚሄድ ወንድ፣ የሚደርስበት ሁሉ ሲያንሰው ነው! ማንን እንደምል ታውቁ የለ... እኔኑ ነው።

ዘሀራን ለማግባት (ስሟ ራሱ በዐረብኛ አበባ ነው፤ ጣጣው ከዚያ ይጀምራል) የቀረኝ የአባቷ የጋሽ ይማም እሺታ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቼን አስከትዬ ከደሴ ኩታበር ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ጸባዬን ያሞግሳሉ፣ ጋሽ ይማም ያዛጋሉ። ነገሩ ሊበላሽ ነው ብዬ ከደጃቸው የባቄላ አበባ ቀጠፍኩና መሀል ቆምኩ። ምነው ያኔ እግሬን በሰበረው!

"ጋሼ፣ አደይ አበባን በመሀሉ በየትም በኩል ቢቆርጡት እኩል ይወጣል። ባቄላ ግን ከላይ ወደ ታች በአንድ በኩል ብቻ ነው ግራና ቀኙ የሚመሳሰለው። ሊቃውንቱ 'ዚጎሞርፊክ' ይሉታል።"

"ዚ... ምን?"

"ዚጎን በግሪክኛ ቀንበር፣ ሞርፌ ደግሞ መልክ። የቀንበር መልክ! እኔም የመጣሁት ለቀንበር ነው!"

ማዛጋቱ ቆመ። እናንተ ከተሜዎች አታውቁትም እንጂ፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል፤ መቀናጆ ይባላል። የጋሽ ይማም በሬ ደግሞ መቀናጆ አጥቶ የሽምብራው እርሻ ወቅት ሊያልፍባቸው ነበር። ይህን ማን ነገረኝ?

"መቀናጆ ይዞ መጣ በሉኛ! አልሐምዱሊላህ! ቀንዱስ እንዴት ነው?"

"የ... የምን ቀንድ?"

"አይ ትሕትና! በሬውን በአበባ ሸፍኖ ይነግረናል!"

እልልታው ቀለጠ። እኔ አበባ ብቆርጥ እሳቸው ቀን ቆረጡ፦ ኒካሁ ጁምዓ፣ በሬው ሐሙስ። የደሴዋ አከራዬ እንኳን በሬ ድመት አይፈቅዱም!

ሐሙስ ባዶ እጄን ደረስኩ። ጋሽ ይማም ቀንበሩን ይዘው ቆመዋል።

"በሬው የታል?"

ዘሀራን አጣኋት በቃ፣ አልኩ በልቤ። ይሄኔ እሷ ከጓዳ ብቅ ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"አባባ፣ ፊትዎ ቆሞ የለ እንዴ? ቀንድ ብቻ ነው የጎደለው።"

አባትየው ጫንቃዬን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ወላሂ፣ ከሲታ ነው። ግን ካለመኖር ይሻላል... በግራ ነው በቀኝ የምንጠምደው?"

"በፈለጉት" አለች ዘሀራ፣ "ግራና ቀኙ እኩል ነው።"

ተጋባን፤ ሽምብራውም አማረ። እንግዲህ ዚጎሞርፊክ ምን ማለት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መዝገበ ቃላት አልገልጥም፤ ትከሻዬን ገልጬ አሳያችኋለሁ!