ጄኔራሉ በአንድ ካልሲ የወጡ ዕለት

ጡረታ የወጣ ጄኔራል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሠራዊት ያጣ ጄኔራል ነው። ሠራዊት ያጣ ጄኔራል ደግሞ ጎረቤቱን ያሰልፋል።

የእኛ መንገድ ካንሳስ ውስጥ፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ጥግ ነው። በስተቀኜ የሚኖሩት ክቡር ጄኔራል ሎውል ሃስኬት ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለዋል፣ ሁለት ጦርነት ዘምተዋል፣ ክፍለ ጦር አዝዘዋል። አሁን የሚያዙት የቆሻሻ በርሜሎቻችንን ነው። ማክሰኞ ጠዋት በርሜሎቹ ቀጥ ብለው ካልተሰለፉ ወዮልን!

"ወይዘሮ ፕሩዊት፣ የእርስዎ በርሜል አንድ ስንዝር ወጥቷል።"

አንድ ቀን በሜትር ለካሁት። እውነታቸውን ነበር፤ ይብስ ተናደድኩ።

እራት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ከጠራኋቸው ሩብ ጉዳይ ላይ ደጄ ናቸው። "በሰዓቱ የመጣ ዘግይቷል" ይላሉ፤ እኔ ገና የፀጉር መጠቅለያዬን አልፈታሁም። ሚስታቸው ሞሪን "ለሠርጋችን ቀድሞ ሄዶ ቄሱን የቀሰቀሰ ሰው ነው፤ ምን ላድርገው?" ትለኛለች። አለባበስ ላይማ አይጣል ነው! ጋዜጣ ሊያነሱ እንኳ ጫማቸው ተወልውሎ ነው የሚወጡት። ሊጠይቃቸው የሚመጣ መኮንን የክብር ልብሱን ካልለበሰ ከበር ይመለሳል።

ባለፈው መጋቢት ልጄ ከርቲስ ከግንባር ሳይደውል ዘጠኝ ቀን ሆነው። እህል አልወርድልሽ አለኝ። መኪና ባለፈ ቁጥር መጋረጃ እገልጣለሁ። እኛ ዘንድ የወታደር ሞት በስልክ አይነገርም፤ የክብር ልብስ የለበሱ ሁለት መኮንኖች መጥተው በር ያንኳኳሉ።

በአሥረኛው ቀን መጡ። ጥቁር መኪና በእኔና በጄኔራሉ ቤት መሃል ቆመ። ሁለት መኮንኖች ወርደው ወረቀት እያዩ የቤት ቁጥር ይፈልጋሉ። በሩን ካልከፈትኩላቸው ልጄ አይሞትም ብዬ ቆለፍኩት።

ያኔ የጄኔራሉ በር ተበረገደ። ክቡርነታቸው ግማሽ ፊታቸው ሳሙና እንደሆነ፣ በካናቴራና በአንድ ካልሲ፣ በእርጥቡ ሣር ላይ ይሮጣሉ!

"የኔ ናቸው! ወይዘሮ ፕሩዊት፣ የኔ እንግዶች ናቸው! ለግብዣ ነው የመጡት!"

በሩን ስከፍት ጄኔራሉ መኮንኖቹ ላይ ያፈጣሉ። "በዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ለብሳችሁ? ደግሞ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ! ደጅ ቆሜ ልጠብቃችሁ ነበር እኮ!"

"ጌታዬ፣" አለ አንደኛው ፈራ ተባ እያለ፣ "እርስዎ ነዎት እንዲህ ያስተማሩን።"

ጄኔራሉ የቤቴ ደረጃ ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ ሳሙናው አገጫቸው ላይ እየደረቀ።

"ስንት እናት ደጅ እንዲህ አድርጌ ሰው ልኬያለሁ፣" አሉኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ከርቲስ የደወለው በማግስቱ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ባዶ እግሬን ሮጬ በራቸውን ደበደብኩ።

"ደወለ! ጄኔራል፣ ደህና ነው፣ ደወለ!"

ሰዓታቸውን አዩ። "ዘግይቷል" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ።