ጸገም የለን ባዩ ሐኪም

መቐለ ውስጥ «ጸገም የለን» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ችግር የለም ማለቱ ነው። እኔስ ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው ብዬ ካመንኩ ቆየሁ።

ዓይደር አካባቢ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ መንጋጋዬን ይዤ ሄድኩ። መቼም ታማሚ ብቻውን አይላክም፤ አማቼ፣ ጎረቤቴና ነፍሰ ጡሯ እህቴ አጅበውኛል። ሐኪሙ ሁላችንንም አስገባን። ታማሚን ከዘመዱ መለየት ነውር አይደል? ከዚያ ፀጉር ማድረቂያ የመሰለች፣ በእጅ የምትያዝ የራጅ መሣሪያ አነሣ። ጨረሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጋርደውን ክብ መከላከያ ከጫፏ ነቅሎታል። «እይታ ይከልለኛል» አለኝ።

«የጨረር መከላከያው ሽርጥስ፣ ዶክተር?»

«መኪናዬ ላይ ነው። ይቺ ፀሐይ ዳሽቦርዱን ትሰነጥቀዋለች።»

ልብ በሉልኝ፤ ከጨረር የሚጠበቀው መኪናው ነው።

እህቴን፣ የራሱም እህት ይመስል፣ «ራሱን ደግፊልኝ፣ ሓፍተይ» አላት።

«ነፍሰ ጡር ናት እኮ» አልኩ።

«ጸገም የለን፤ ለቅጽበት ነው።»

ገና ቁልፉን ሳይጫን በሩ ተከፈተ። ባለቤቱ ናት፤ ምሳውን ይዛለት መጥታ ነው። የእሷም ሆድ ገፍቷል። ሰውየው ደንግጦ መሣሪያውን ወደ ጣሪያው አዞረና ጮኸባት።

«ራጅ እያነሳሁ እንዴት ትገቢያለሽ? ልጁን ልትጎጂው ነው? ውጪ።»

በሩን ዘጋና ወደ እህቴ ዞረ። «በይ፣ ደግፊው።»

እህቴን እጇን ይዤ ከነሕመሜ ወጣሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ አያውቅም ብዬ ልምረው ነበር።