ሰማይ የገባበት ሳሎን

በካናዳዋ ኢቶቢኮ የሥልጣኔ ታሪክ፣ አቶ እሸቱ ቤታቸውን ያለ ጣሪያ ያሠሩበት ዓመት በወርቅ ቀለም ሊጻፍ ይገባዋል። ሠላሳ ዓመት የኤርፖርት ሊሞ ሲነዱ ኖረው በማኅበራቸው አንድም ቀን ሐሳብ ተጠይቀው የማያውቁት እኚህ ሰው፣ ለወገብ ሕክምና ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ሄዱ፤ ሲመለሱ ወገባቸውን ትተው ቤታቸውን ማከም ጀመሩ። እዚያ ያዩት የጥንት ቤት መሐሉ ለሰማይ ክፍት ነው። ቤተሰቡ በእንጨት ምሰሶዎች ሥር ተቀምጦ፣ ዝናቡ ሳሎን መሐል ሲወርድ ያያል።

አርክቴክቱ ሚስተር ናምቢያር የኬረላ ሰዎች ልጅ ነው። ክፍቱን በመስታወት እንሸፍነው ብሎ ለመነ፤ እናቱም እዚያው ኬረላ የራሳቸውን ቤት ሸፍነውታል።

«እናትህ ባህላቸውን ጥለዋል» አሉት አቶ እሸቱ በሐዘኔታ። «እኛ ኮምፕሮማይዝ አናደርግም።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅዬ ጥር ስለሚባል ወር ሊያነሡ ሞክረው፣ ራዕይ የሌለው ሰው ብርድ ይፈራል ተባሉ።

ቤቱ የተመረቀው በዚያው በጥር ነው። አቶ እሸቱ ማልደው የሳሎኑን በረዶ በአካፋ ዝቀው፣ እንዳያንሸራትት ጨው በትነው ጠበቁ። ማኅበርተኞቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ካፖርታቸውን ግን እንደለበሱ ተቀመጡ። ይሉኝታ ያሳደገው ሕዝብ ነውና በረደኝ ያለ የለም። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ክብረት በረዶ ቅንድባቸው ላይ እያረፈ «አየር አለው» ሲሉ መሰከሩ። ቅቤው የረጋው ዶሮ ወጥም ጣት ያስቆረጥማል ተባለ። አቶ እሸቱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እንደቀናባቸው ተሰማቸው፤ እግራቸው ግን አልተሰማቸውም።

ይኼኔ እናታቸው እማማ አመለወርቅ ከአዲስ አበባ ገብተው፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ ደረሱ። ወደ ላይ አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እሼ፣ ሲቸግርህ ለምን አልነገርከኝም? ጣሪያው ሳያልቅ ትገባለህ?» አሉና ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እናንተስ ልጆቼ፣ ወንድማችሁ ቆርቆሮ አጥቶ ብርድ ላይ ሲያድር፣ ማኅበር ተብላችሁ ዝም ትላላችሁ?»

ጋሽ ክብረት አንገታቸውን ደፉ።

«ጥፋቱ የኛ ነው፣ እማማ» አሉና ኮፍያቸውን አውልቀው መዋጮ ይሰበስቡበት ጀመር።

አቶ እሸቱ ስለ ኬረላ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ቃል አልወጣም። እንግዶቹ ምስጋና ነው ብለው ተረዱላቸው። ኮፍያው ዞሮ ዞሮ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ስለነበር፣ ይሉኝታ ይዟቸው ለገዛ ጣሪያቸው አዋጡ።